የሰገነቱ ኮርኒስ

በጥር ወር በእንግድነት ያረፋችሁ ከሰገነቱ ክፍል ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውኃ በሳፋ ስትቀበሉ እንደ ሰነበታችሁ አንዘነጋም። የኢየሩሳሌም ዝናብ እንደ አገራችን በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን በታኅሣሥና በጥር ይበረታልና፣ በቀዩ የሸክላ ክዳን ስንጥቅ የገባው ውኃ አሮጌውን ልስን አርሶ ጣለው። ክዳኑን አስቀድመን አስጠገንን። ጂፕሰም ቦርድ ውኃ ከጠጣ ይረግባልና፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይደፈን ከሥሩ ኮርኒስ መምታት ገንዘብን መበተን ነው።

ከውኃው ይልቅ ያከራከረን ግን ሰሌዳዎቹን የማንሣቱ ነገር ነበር። ያስመጣነው ሰሌዳ 1.20 ሜትር በ2.60 ሜትር፣ ውፍረቱም 12.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን አንዱ ከ25 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። የማንሻ መሣሪያ እንከራይ የሚል አሳብ በጉባኤ ቢቀርብም፣ የኪራዩ ገንዘብ ለእንግዶች ማዕድ ይዋል፣ እኛም በጉልበታችን እንሥራ ብለን ወሰንን። ውሳኔው ያማረ መስሎን ነበር።

ሁለቱን ሰሌዳዎች በራሳችንና በባላ እንጨት ደግፈን መታን። ጠፍጣፋ ኮርኒስ ቢሆን ባላው ይበቃ ይሆናል፤ የሰገነቱ ኮርኒስ ግን ዘቅዛቃ ነውና ሰሌዳው ወደ ላይ ሲገፋ ወደ ጎንም ይሸሻል። ሦስተኛው አምልጦ በአንድ አረጋዊ አባት ትከሻ ላይ ወረደ። አጥንታቸው ባይሰበርም ለሁለት ሳምንት ጽና ማንሣት ተሳናቸው። መሣሪያውን እንከራይ ብለው የነበሩትም እርሳቸው ናቸው፤ ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ በወደድን ነበር።

በማግስቱ መሣሪያው መጣ። ጎማ ያላቸው ሦስት እግሮች፣ የሚረዝም ምሰሶ፣ ከምሰሶው ራስ ላይም ወደፈለጉት የሚያዘነብል የብረት አልጋ አለው። አልጋው ዘንበል ይልና ሰሌዳው በታችኛው ጠርዙ በሁለት መንጠቆዎች ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ክፍሉ የሚታየው ፊቱ ወደ አልጋው ይሆናል። ከዚያ አልጋውን ከጣሪያው ወራጆች ዝቅዝቃት ጋር ማስተካከል ነው። ሰሌዳውን ከመንሸራተት የሚያግዱት እነዚያ ትንንሽ መንጠቆዎች ናቸው፤ ሦስት ሰው ያላገደውን ማለት ነው። የጎማዎቹ ፍሬን ተይዞ መዘውሩ ሲዞር የሽቦው ገመድ ምሰሶውን ያረዝመዋል፤ ሰሌዳውም ከወራጆቹ ሥር ከታሰረው ብረት ጋር እስኪገጥም ቀስ እያለ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ከሥሩ ማንም አይቆምም። ከገጠመ በኋላ አንድ ሰው በመወጣጫ ላይ ሆኖ በ25 ሚሊ ሜትር ቪት በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ያስረዋል፤ የቪቱ ራስ ወረቀቱን ሳይቀድድ ጥቂት ብቻ መስመጥ አለበት። መሣሪያው የሚወርደው ሰሌዳው በሚገባ ከታሰረ በኋላ ነው። የረድፎቹም መጋጠሚያ በአንድ መስመር እንዳይውል አፈራረቅነው።

የቀሩት ዐሥራ አራት ሰሌዳዎች በአንድ ቀን ተኩል አለቁ። መዘውሩን በግራ እጃቸው ያዞሩት እኚያው አረጋዊ አባት ነበሩ፤ ዕረፉ ብንላቸው አልሰሙንም።

በመጋጠሚያዎቹ ላይ የወረቀት ጥብጣብ ተለጥፎ ስቱኮ ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደገምም። የአሁኑ እርጥበት ስላዘገየን ክፍሉ የሚከፈተው በሆሳዕና ሰሞን ነው። ቁመታችሁ የረዘመ ተሳላሚዎች በመስኮቱ በኩል ያሉትን አልጋዎች ብትይዙ ይሻላል፤ በሌላው በኩል ኮርኒሱ ዝቅ ስለሚል ሌሊት ለጸሎት ስትነሡ ራሳችሁን ትመታላችሁ።