ከካራማራ ማዶ ያለችው የባሕር ከተማ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ ስለ ባሕር በር የሚነገረውና የሚጻፈው ነገር እጅግ በዝቷል። መነገሩም የሚገባ ነው፤ ዳሩ ግን ቃሉ ሁሉ ስለ መርከብ፥ ስለ ኪራይና ስለ ዕቃ ብዛት ሲሆን፥ በሩ አጠገብ ቤት ሠርቶ፥ ልጅ አሳድጎ፥ ዓሣ አጥምዶ ስለሚኖረው ሕዝብ የሚነገረው ጥቂት ነው። ሰው ወደ ጎረቤቱ ሄዶ መዝጊያውን ብቻ ተመልክቶ ቢመለስ፥ ጎረቤቱን ጠየቀ አይባልም።

ለዚህ ነገር በካራማራ ተራራ ግርጌ ካለችው ከጅጅጋ የሚቀርብ ከተማ የለም። ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ ኬላና በሐርጌሳ አልፎ በርበራ ለመድረስ መንገዱ ከ3 መቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚህ መንገድ በጉና ፍየሉ፥ ግመሉና ከብቱ ወደ ዐረብ አገር ይወርዳል፤ ሩዙና ስኳሩ፥ ልብሱና ዕቃው ይወጣል። ነጋዴው ስለ ትርፉ ይሄዳል፤ ሹሙም ስለ ሥራው ሄዶ የወደቡን ዕቃ ተመልክቶ በማግሥቱ ይመለሳል። ከተማይቱን ለማየት ብሎ የሚወርድ ግን ጥቂት ነው። ይህም መጉደል በቀላሉ ሊታይ አይገባውም።

በርበራ የወደብ ስም ብቻ አይደለችም። ዳሮሌ በሚባለው በአሮጌው ሰፈርዋ ከባሕር በሚወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ የቱርክ ዘመን አሠራር ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ፈርሰዋል፥ የቀሩትም ጠባቂ ይሻሉ። ግብፆች ከ1868 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስ ከተማይቱን በያዙ ጊዜ፥ ከዱባር ምንጭ ውኃ በቧንቧ አምጥተው፥ የመርከብ ማስጠጊያና ለመርከበኞች የሚያበራ የፋኖስ ግንብ ሠርተው ነበር። እነዚሁ ግብፆች በዚያው ዘመን ሐረርን ይገዙ እንደ ነበር ያስታወሰ ሰው፥ የሐረርንና የበርበራን ታሪክ ለይቶ ማንበብ እንደማይቻል ያስተውላል።

ከዚያም በፊት በርበራ የገበያ ከተማ ነበረች። በ1847 ዓ.ም. ሐረርን አይቶ ወደ በርበራ የወረደው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንደ ጻፈው፥ ቅፍለቱ ከየአገሩ የሚወርደው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ወራት ነው። በእነዚያ ወራት የባሕሩ ዳር በጎጆ ተሞልቶ የብዙ አገር ነጋዴ ይሰበሰብበታል፤ ወራቱ ሲያልፍ ጎጆው ይነቀላል፥ ስፍራውም ባዶ ይቀራል። በርተን ራሱ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፥ የገበያው ሕዝብ ከተበተነ በኋላ፥ በሌሊት አደጋ ተጥሎበት ጉንጩን በጦር ተወግቶ ከሞት ለጥቂት አምልጧል። ከነጋዴ በኋላ የሚቀር እንግዳ እንዲህ ያለ ነገር ሊያገኘው ይችላል። ዛሬም ለሚጎበኝ ሰው የሚሻለው ወራት ያው የነጋዴዎቹ ወራት ነው፤ በበጋው ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የከተማው ሰው እንኳ አቅም ያለው ሸሽቶ ወደ ሼክ ደጋ ይወጣል።

ባተላሌ በሚባለው ዳርቻ አሸዋው ሰፊ፥ ውኃውም ጸጥ ያለ ነው፤ ማለዳና ማታ ገላን መታጠብ፥ ከአጥማጆቹ የወጣውን ዓሣ ከሩዝ ጋር መብላት ይቻላል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሊቃውንቱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ይጨርሱታል።) የሚያሰክር መጠጥ በአገሩ ሕግ የተከለከለ መሆኑን፥ ዓርብ የሕዝቡ የጸሎትና የዕረፍት ቀን መሆኑን፥ አለባበስም ጨዋ ሊሆን እንዲገባው መንገደኛው አስቀድሞ ይወቅ። በመንገዱም ላይ፥ ከሐርጌሳ ወደ በርበራ ሲወረድ፥ ላስ ገኤል የሚባል ዋሻ አለ፤ በ1995 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የፈረንሳይ ሊቃውንት ደርሰው ለዓለም ያስታወቁት፥ ከብቶችና ሰዎች በቀይና በነጭ ቀለም የተሣሉበት፥ ዕድሜውም ብዙ ሺህ ዓመት የሆነ ነው። ፈቃዱ ከሐርጌሳ ስለሚገኝ ሳይዙ መውረድ መንገድን በከንቱ ማርዘም ነው።

ዜና መዋዕል ለሚያነቡ ካህናት ግን ከበርበራ ይልቅ የዘይላ ስም ይቀርባቸዋል። በ14ኛው ምዕት ዓመት የደረሰባት መንገደኛው ኢብን ባቱታ የዓሣዋንና የሚታረደውን ግመል ሽታ ጠልቶ በመርከብ ላይ ማደርን መርጧል፤ የሽታው ብዛት የገበያዋን ብዛት ይመሰክራል። በ1509 ዓ.ም.፥ ዐፄ ልብነ ድንግል ማሕፉዝን ድል ባደረጉበት ዘመን፥ ፖርቱጋሎች አቃጠሏት፤ ዳግመኛ ተሠራች። በ1889 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ሲዋዋሉ፥ ከዘይላ በጊልዴሳ ወደ ሐረር የሚወጣው የቅፍለት መንገድ ለሁለቱም ወገን ንግድ ክፍት እንዲሆን ተጻፈ። ነገር ግን በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ ሐዲዱ ዞረ፤ ዘይላም ቀስ በቀስ ወና ሆነች። ዛሬ ሁለት ምሕራብ የነበረው የጥንት መስጊድዋ ፍርስራሽ ይታያል። እሳት ያላጠፋትን ከተማ የመንገድ መዞር አደከማት። በር ብቻ ተብላ የምትታሰብ ከተማ ሌላ በር የተከፈተ ዕለት የሚያስታውሳት ታጣለች።

ጅጅጋና በርበራ ደግሞ በሌላ ነገር ይተሳሰራሉ። መጋቢት 7 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዔደን በባሕር መጥቶ በርበራን ከኢጣልያ እጅ አስለቀቀ፤ በማግሥቱ ጅጅጋ ተያዘች፥ ስንቁም ከሩቅ ከሞቃዲሾ መምጣቱ ቀርቶ በበርበራ ይወጣ ጀመር። በበርበራ የጦር ሰፈር የነበራቸው ሶቭየቶች በኅዳር 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ተባረሩ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 26 ቀን የኢትዮጵያ ሠራዊት በካራማራ ድል አደረገ። ሶቭየቶች በበርበራ የሠሩትም ከ4 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአውሮፕላን ሜዳ፥ በኋላ አሜሪካኖች ለጠፈር መንኰራኩራቸው ድንገተኛ ማረፊያ እንዲሆን ተከራይተውት ነበር፤ የአንድ ሜዳ ዕድል እንዲህ ይገለባበጣል። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ሐርጌሳ በገዛ መንግሥትዋ አውሮፕላን በተደበደበች ጊዜ፥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በዚሁ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቶ ከጅጅጋ አጠገብ በሐርትሼክ ሰፈረ። ሰፈሩ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆየ። ዛሬ በርበራ ወይም ሐርጌሳ ገብቶ ሻይ የሚጠጣ ኢትዮጵያዊ፥ የሚያስተናግደው ሰው በሐርትሼክ ድንኳን የተወለደ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቅ ስለ ኪራይና ስለ ውል ብቻ የሚነጋገር ሰው፥ ከማን ጋር እንደሚነጋገር አላወቀም።

ስለዚህ ለወደብ ሥራ የሚላክ ሹም አንድ ቀን ጨምሮ ዳሮሌን ቢዞር የመንግሥት ጊዜ እንዳባከነ ሊቈጠርበት አይገባም፤ ይልቁንም ባይዞር ሊጠየቅ ይገባዋል። የጅጅጋ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደ ባሕሩ ቢያወርዱ፥ የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲም በሐርትሼክ የኖሩት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ቃላቸውን ቢጽፍ፥ ይህ ከወደብ ውል በፊት ሊሆን የሚገባው ሥራ ነው። ዘይላን በብራና ላይ ብቻ የሚያውቁ ካህናትም ፍርስራሽዋን በዐይናቸው አይተው የመጽሐፉን ቃል ከስፍራው ጋር ቢያስተያዩ፥ ለታሪክ ተማሪ የሚተርፍ ትርጓሜ ይገኛል።

ጥቅምት ሲገባ ሙቀቱ ይበርዳል። ከጅጅጋ በሌሊት የተነሣ መንገደኛ፥ ወረቀቱ የተሟላ ከሆነና ኬላው ካላዘገየው፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ባተላሌ ይደርሳል።