«ጨዋታ ነው» ብሎ መናቅ ፍርድ አይደለም

ሳይመረምሩ መፍረድ በሥነ ጽሑፍ ዘንድ የቈየ በሽታ ነው። ልብ ወለድ ድርሰት ብቅ ባለ ጊዜ «ውሸት ነው» ብለው የናቁት ነበሩ፤ ሲኒማ በተከተለ ጊዜም የሥራ ፈቶች መዋያ ነው የሚሉ አልጠፉም። ዛሬ ደግሞ ተራው የቪዲዮ ጨዋታ ሆኗል። ብዙ የተማሩ ሰዎች «ጨዋታ የልጅ ነገር ነው፤ ቁም ነገር የሚገኘው ከመጽሐፍ ብቻ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለጆሮ ቢጥምም ማስረጃ ሲቀርብበት የሚጸና አይደለም። ማስረጃ አድርጌ የማቀርበውም «ኒየር ኦቶማታ» የተባለውን ጨዋታ ነው።

ይህ ሥራ በጃፓናዊው በዮኮ ታሮ መሪነት፣ ፕላቲነም ጌምስ በተባለው ድርጅት ተሠርቶ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. በስኩዌር ኤኒክስ አሳታሚነት ወጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ11945 ዓ.ም. ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎች የሠሯቸው ማሽኖች ምድርን ይዘዋል፤ የሰው ልጅ ወደ ጨረቃ ሸሽቷል ይባላል፤ አንድሮይድ የሚባሉ፣ በሰው አምሳል የተሠሩ ወታደሮችም ምድርን ለሰው ለማስመለስ ይዋጋሉ። መፈክራቸው «ክብር ለሰው ልጅ» የሚል ነው።

ጨዋታውን ከሚያመሰግኑት መካከልም በተሳሳተ ምክንያት የሚያመሰግኑ አሉ። በውስጡ ፓስካል፣ ዣን ፖል፣ ሲሞን፣ ኤንግልስ፣ ሄግልና ኪርከጋርድ ተብለው የተሰየሙ ማሽኖች ስላሉ «እንግዲህ ፍልስፍና ነው» እያሉ ይመጻደቃሉ። ስም መጥራት ግን ማሰብ አይደለም። ልጁን ሰሎሞን ብሎ የሰየመ ሁሉ ጥበበኛ ወለደ አይባልም። የዚህ ጨዋታ ፍልስፍና ያለው በስሞቹ ሳይሆን ተጫዋቹን በሚያሠራው ሥራ ውስጥ ነው። ክርክሬም ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ዙር ተጫዋቹ ቱ ቢ የተባለችውን ተዋጊ ይመራል። አለቆች ያዛሉ፤ እርሷ ትፈጽማለች፤ በእርሷም እጅ ተጫዋቹ ይፈጽማል። የሚያገኛቸውን ማሽኖች በሰይፍ እየቈራረጠ ያልፋል። ታሪኩ ያለቀ በመሰለው ጊዜ ሁለተኛው ዙር ይከፈትና ያው ታሪክ በጓደኛዋ በናይን ኤስ በኩል እንደገና ይቀርባል። ይህ ዙር ሲጀምር አንድ ትንሽ ማሽን የወደቀ ወንድሙን ለማስነሣት በባልዲ ዘይት ተሸክሞ ሲንገዳገድ እናያለን። በመጀመሪያው ዙር እንደ አውሬ የተገደለችው ሲሞንም፣ ዐይኑን ሊጥልባት ላልወደደ ለአንድ ሌላ ማሽን ውብ ሆና ለመታየት ስትደክም የኖረች መሆኗ ይገለጣል። ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የፊተኛው ዙር ሰሙ፣ የኋለኛው ወርቁ ነው። ልዩነቱ በሰሙ ጊዜ ሰይፍ የመዘዘው ተጫዋቹ ራሱ መሆኑ ነው።

በዚሁ በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ትልቁ ምስጢር ይወጣል። የሰው ልጅ ከጠፋ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። በጨረቃ ላይ ተቀምጧል የተባለው ሸንጎ፣ ወታደሮቹ የሚሞቱለት ነገር እንዲኖራቸው ተብሎ የተፈጠረ ወሬ ነው። ያ ሁሉ ትእዛዝ ከባዶ ወንበር ይወርድ ነበር ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ሰዎች «ከበላይ ታዝዤ ነው» የሚለውን መልስ ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገንም። ይህን ጉዳይ መጽሐፍ ቢተርከው አንባቢው በታዛዡ ላይ ይፈርድ ነበር። ጨዋታው ግን ተጫዋቹን በራሱ ላይ ያስፈርደዋል፤ ትእዛዙ ከየት መጣ ብሎ ሳይጠይቅ የፈጸመው እርሱ ነውና።

«ተጫዋቹ ካልገደለ ታሪኩ ወደ ፊት አይሄድለትም፤ ታዲያ ምን ኀላፊነት አለበት?» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ታዛዥ ሁሉ የሚያቀርበው ምክንያት ይኸው ነው። ደግሞም ጨዋታው ምርጫን ፈጽሞ አልነፈገም። ፓስካል ጦርነትን የጠላ፣ የአንድ ሰላማዊ መንደር መሪ ነው። ሕፃናቱ ከአደጋ እንዲጠበቁ ብሎ ፍርሃትን አስተማራቸው፤ ጠላት በመጣ ጊዜ ግን ከፍርሃታቸው የተነሣ ራሳቸውን ገደሉ። ያስተማረ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ የማይነካ አይመስለኝም። ፓስካልም «ወይ ትዝታዬን ደምስሱልኝ፣ ወይ ግደሉኝ» ብሎ ይለምናል። ተጫዋቹ ከሁለቱ አንዱን ሊፈጽም፣ ወይም ጥሎት ሊሄድ ይችላል። ትዝታውን የደመሰሰለት ሰው ተመልሶ ቢመጣ፣ ፓስካል የእነዚያኑ ሕፃናት አካል እንደ ተራ ዕቃ ሲሸጥ ያገኘዋል። መርሳት መዳን ነውን? ጨዋታው አይመልስም፤ ሥራውን አሳይቶ ዝም ይላል።

ጕድለት የለበትም አልልም። የቱ ቢ አለባበስ ለቁም ነገሩ የማይመጥን ነው፤ ሁለተኛውም ዙር ያየነውን ሲደጋግም የሚያሰለችበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ አንድ ሥራ የሚመዘነው በልብሱ ብቻ አይደለም።

ጨዋታው በላቲን ፊደላት የተሰየሙ 26 ፍጻሜዎች አሉት። ከዋናዎቹ አምስት በመጨረሻው ላይ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ሲያልፍ ተጫዋቹ ከዚያው ከስሙ ጋር ይዋጋል፤ ብቻውን ማሸነፍም እጅግ ያስቸግረዋል። በዚያን ጊዜ የማያውቃቸው የሌላ አገር ተጫዋቾች ለእርዳታ ይደርሱለታል። እነርሱ አስቀድመው የገዛ የጨዋታ መዝገባቸውን ለማያውቁት ሰው ሲሉ የሰጡ ናቸው። ከድሉ በኋላ እርሱም ይጠየቃል፤ እሺ ካለ በብዙ ሰዓት የደከመበት ሁሉ ይሰረዛል። የሚረዳው ሰው ማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ምስጋናም አይቀበልም። በባዶ ወንበር ትእዛዝ ሲገድል የኖረው እጅ፣ እዚህ ላይ ማንም ሳያዝዘው ይሰጣል።

እንግዲህ መምህር ሆይ፣ ተማሪህ ይህን ሲጫወት ብታገኘው «ጊዜህን አታባክን» ከማለትህ በፊት «ምን አደረግህ? ስለ ምንስ አደረግኸው?» ብለህ ጠይቀው። ለዚህ ጥያቄ የሚበቃ መልስ የሚያወጣ ሥራ፣ በወረቀት ላይ ቢጻፍም በመስተዋት ላይ ቢታይም፣ ድርሰት ነው።