ዳሎል በእግራችን አይፍረስ

ከባሕር ወለል በታች ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአፋሩ ዳሎል ብርቅ የምድር ቅርስ ነው። ከከርሰ ምድር የሚፈልቀው አሲዳማ ፍል ውኃ ጨውና ድኝ እየጋገረ ቢጫና አረንጓዴ ቅርጾችን ይሠራል። ቅርጾቹ ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ናቸው፤ አንድ የጫማ እርግጫ ይሰብራቸዋል።

ስለዚህ ጉብኝቱ በተለየ የእግር መንገድ፣ በሠለጠኑ የአካባቢው ተወላጅ አስጎብኚዎች መሪነት ሊካሄድ ይገባል። አስጎብኚው መንገድ ከመምራት አልፎ፣ በጥንት ዘመን ከቀይ ባሕር የገባው ውኃ ተንኖ ይህን ሁሉ ጨው እንዴት እንደተወ ያስረዳ። ከመግቢያ ክፍያውም ለጥበቃና ለነዋሪው ድርሻ ይመደብ። ጎብኚውም ለማስታወሻ ብሎ ጨው አይስበር፤ የውኃ ፕላስቲኩንም ይዞ ይመለስ።

እንዲህ ያለ ቅርስ አንዴ ከፈረሰ ጠጋኝ የለውም። የሚመለከታቸው የክልልና የፌዴራል ተቋማት ሳይውል ሳያድር ሥርዓት ያብጁለት።