ቀለም የተቀባ ካርታ ሁሉ የሌባ ካርታ አይደለም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መስማማት ግዴታ አይደለም። ለመሳደብ ግን ቢያንስ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ሰሞኑን ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዲስ ሕግ ወጥቷል። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ማንም ቁጭ ብሎ አልተስማማበትም፣ ግን ሁሉም ይደግመዋል። «ጠርዙ ቀለም የተቀባ ካርታ ምልክት ያለው ካርታ ነው፤ ይዞት የመጣው ደግሞ ሌባ ነው» ይላል ሕጉ። እኔ ደግሞ ይሄ አባባል የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። በደንብ የተቀባ ካርታ ካልተቀባው ይልቅ ለማጭበርበር ያስቸግራል። አንድ በአንድ ላስረዳ።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው። የካርታ ጠርዝ ማለት ካርታው ተደርድሮ ሲቀመጥ በጎን በኩል የሚታየው ነጩ ነው። አንድ ካርታ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለብቻው ሲሆን ጠርዙ ከቁብ አይገባም። 52ቱ ሲደራረቡ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚያህል ነጭ ግድግዳ ይሠራሉ። አንዳንድ ልጆች ይሄንን ግድግዳ ነው በማርከር፣ ብዙዎቻችን ፓርከር በምንለው፣ የሚቀቡት።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ካርታውን አራቱንም ጎን እኩል አድርገህ በሁለት ጣውላ መሃል ታስገባዋለህ። በሞርሳ ወይም በወፍራም ላስቲክ ጥብቅ አድርገህ ታስረዋለህ። ጠርዙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ዳሰስ ዳሰስ ታደርገዋለህ። ከዚያ በማይለቅ ማርከር በስሱ ትቀባለህ፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ፣ ትደግማለህ። ክብ የሆኑት አራቱ ጥጎች የብቻ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ሲያልቅ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ታላቅቃለህ። እስሩ ከላላ ቀለሙ በሁለት ካርታ መሃል ሾልኮ ይገባና ፊቱን ያበላሻል። ቀለም ካበዛህም እንደዚያው ነው። ካርታው ሙሉ ለሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ባትጀምረው ይሻላል፤ ቀለሙ ስለማይሰርግ ላይ ላዩን ይቀርና እጅ ላይ ይለቃል። ወረቀት ነው ቀለም የሚጠጣው።

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ካርታዎች አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊትም ይሸጡ ነበር፤ ኮንግረስ የሚባለው የብሪጅ ካርታ በዚህ ይታወቅ ነበር። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እናታችሁ ትራስ አጠገብ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ከጎን እዩት። በብዙ ቤት ጠርዙ ቀይ ወይም ወርቅማ ነው። መጽሐፍ ሠሪዎች ይሄን ያደረጉት ለውበትም፣ አቧራና የጣት እድፍ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ለመከላከልም ነው። «ይሄ መጽሐፍ ምልክት ተደርጎበታል» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። በቅርቡ እኛ ሰፈር ለቅሶ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ እንደ ወጉ ሌሊቱን ለማስነጋት ካርታ ወጣ። አንድ የሰፈራችን ልጅ የራሱን ካርታ ይዞ መጣ፤ ጠርዙን አረንጓዴ አድርጎ የቀባው ራሱ ነው። ኮንከር ተጀመረ። ለሻይ ለሲጋራ የምትሆን ሳንቲም ነበረች እንጂ ቁማር የሚባል ነገር አልነበረም። ሌሊት ስድስት ሰዓት አካባቢ ብዙ የተበሉ አንድ ትልቅ ሰው ካርታውን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው አዩትና «ይሄ ካርታ ምልክት አለው! አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ድረስ መጥተህ ትሰርቀናለህ?» አሉ። ልጁ «ጋሼ፣ ሁሉም እኮ አንድ ነው፣ እዩት» አለ። ያየለት የለም። ያሸነፋትን መልስ ተባለ፣ መለሰ፣ ከድንኳኑ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ወሬው የሚሠራበት ሱቅ ደረሰ። ልጁ እዚያ ገንዘብ ተቀባይ ነው። ባለሱቁ እስካሁን አላባረረውም፤ ሳጥኑን ግን አሁን ማታ ማታ ራሱ ይቆጥራል። ድሮ አይቆጥርም ነበር።

ካርታውን በማግስቱ ከልጁ ተቀብዬ 54ቱንም፣ ከነጆከሮቹ፣ በቀን ብርሃን አየሁ። ሁለት ካርታ ላይ ፀጉር የምታህል አረንጓዴ ወደ ፊታቸው ሾልካ ገብታለች። ፊት ማለት ቁጥሩ ያለበት፣ ያዡ ብቻ የሚያየው። ጀርባ ላይ አንድም ነገር የለም። ጠርዙ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው። በዚያች ሌሊት በልጁ ካርታ ምትክ የገባውን ነጭ ካርታም ለምኜ አየሁት። አንደኛው ጆከር ጀርባው ላይ በሲጋራ የተቃጠለች ነጥብ አለችው፤ ከድንኳኑ ማዶ ትታያለች። በእሷ እስኪነጋ ተጫወታችሁባት። «ምልክት አለው» ያለ የለም።

ለመሆኑ ምልክት ምንድነው? ምልክት ማለት አንዱን ከሌላው የሚለይ ነገር ነው። ካልለየ ምልክት አይደለም፣ ቀለም ነው። ለቅሶ ቤት ሁሉም ጥቁር ለብሶ ተቀምጦ «ያቺ ጥቁር የለበሰችው» ብትሉኝ ማንን እንደምትሉ በምን አውቃለሁ? 54 ካርታ አረንጓዴ ጠርዝ ካለው፣ አረንጓዴው ጆከሩ የት እንዳለ አይነግረኝም። የሚነግረኝ ከ54ቱ አንዱ ሲለይ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ቀለም አለው ወይ?» ሳይሆን «የተለየ አለ ወይ?» ነው። ያንን የጠየቀ አልነበረም።

«ነጭ ከሆነ ግን ንጹሕ ነው» ለምትሉኝ፣ ይሄን ስሙ። በ2012 ፊል አይቪ የሚባለው ዝነኛ አሜሪካዊ ቁማርተኛ ለንደን ውስጥ ክሮክፎርድስ በሚባል ካሲኖ ፑንቶ ባንኮ ተጫውቶ 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ አሸነፈ። ካርታው ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ ማርከር የሚባል ነገር አልነካውም። ግን ሲቆረጥ ጀርባው ላይ ያለው ሥዕል በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች እኩል አልተቆረጠም ነበር። አብራው የነበረችው ሴት አዳዩን ለገድ የምትፈልገው አስመስላ ጠቃሚዎቹን ካርታዎች አዙሮ እንዲያስቀምጥላት አደረገች። የመበወዣው ማሽን ደግሞ ካርታ አያዞርም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ካርታ ትልቅ ይሁን ትንሽ ከጀርባው ይታያል። ካሲኖው አልከፍልም አለ፣ ክርክሩ እስከ እንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በጥቅምት 2017 ፍርድ ቤቱ ማጭበርበር ነው ብሎ በአይቪ ላይ ፈረደ። ልብ በሉ፣ ካሜራና ጥበቃ በሞላበት ቤት፣ ከፋብሪካ በወጣ ካርታ ነው ይሄ የሆነው። የምትፈሩት ማጭበርበር ዓይን በማይስበው ቦታ ነው የሚኖረው። በአረንጓዴ ተቀብቶ «እዩኝ» የሚል አጭበርባሪ የት ያላችሁ ታውቃላችሁ?

ደግሞ ልብ ያላላችሁት ነገር አለ። ለቅሶ ቤትና ሰፈር ውስጥ የሚቀለው ማጭበርበር ምልክት ማድረግ አይደለም፤ ካርታ መጨመር ነው። ከአንድ ሱቅ ሁለት አንድ ዓይነት ካርታ ይገዛል፣ ከአንዱ ጆከር ይወጣል፣ እጅጌ ውስጥ ወይም ጭን ሥር ይቀመጣል፣ በሰዓቱ ይገባል። ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ ማን ያውቃል? እስኪ ያንን ነጭ ጆከር አረንጓዴ ጠርዝ ባለው ካርታ ውስጥ አስገቡት። አስተካክላችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት በአረንጓዴው መሃል አንዲት ነጭ መስመር ትጮህባችኋለች። በእጁ የተቀባ ካርታ መንትያ የለውም። ከሱቅ ገዝተህ አታመሳስለውም።

ካሲኖዎች ራሳቸው ይሄን ያውቁታል። ያገለገለ ካርታቸውን ለመታሰቢያ ሲሸጡ ወይም ሲሰጡ መሃሉን ይበሱታል ወይም ጥጉን ይቆርጡታል። ሁሉንም፣ እኩል። ለምን? ወጥቶ ተመልሶ ጨዋታ ውስጥ እንዳይገባ። ሁሉም ላይ እኩል የተደረገ ምልክት ጠባቂ ነው። የልጁም አረንጓዴ ያው ነው።

አሁን የሚነሱትን ተቃውሞዎች ላንሳ፤ ሁሉም ሞኝነት አይደለም።

«ሲቀባ ሆን ብሎ አንዱን ደመቅ ሌላውን ፈዘዝ ቢያደርገውስ?» ይቻላል። ልክ ነጩንም በጥፍር መጫር፣ ጥጉን ማጠፍ፣ በሲጋራ ማቃጠል እንደሚቻለው። መፍትሔው ማየት ነው። ማየት ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦

አንደኛ፣ ካርታውን ለሁለት ክፈሉና ግማሹን ፊትና ጀርባውን ሳትለውጡ ላዩን ወደ ታች አዙሩት። በውዙት፣ አስተካክሉት፣ አራቱንም ጎን በደህና ብርሃን እዩ። ቀለሙ አንድ ወጥ ከሆነ ጨርሳችኋል። የተለየ መስመር ካለ ያንን ካርታ አውጡና ተጠያየቁ።

ሁለተኛ፣ ካርታውን ጀርባው ወደ እናንተ አድርጋችሁ ያዙና በአውራ ጣት ቶሎ ቶሎ እያሾለካችሁ ጀርባዎቹን እዩ። የጀርባው ሥዕል እንደ ፎቶ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የሚዘል ነጥብ፣ የሚንቀሳቀስ መስመር ካያችሁ ምልክት አለ ማለት ነው። ይሄ ዘዴ ለነጩም ለአረንጓዴውም ይሠራል።

ሦስተኛ፣ የካርታው ባለቤት አይበውዝ፣ አያድል። አንዱ ይበውዝ፣ ሌላው ከመሃል ይክፈል፣ ሦስተኛው ያድል።

«ገንዘብ ካለበትስ?» ደህና ገንዘብ ከተያዘ ማንም ከቤቱ ካርታ አያምጣ፤ ነጭም ቢሆን። የታሸገ አዲስ ካርታ ሁሉም ፊት ይከፈት። በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ግን ደንቡ ለሁሉም ይሁን እንጂ ለአረንጓዴ ብቻ አይሁን።

«ለመሆኑ መቀባቱ ለምን አስፈለገ?» ይሄ ጥያቄ ያናድደኛል፤ ግን ልመልስ። የነጭ ካርታ ጠርዝ በእጅ ላብና በእድፍ በወር ውስጥ ግራጫ ይሆናል፤ እሱም እኩል አይደለም፣ የሚበዛ የሚነካው ጎን ይጠቁራል። ደማቅ ቀለም ያንን ይሸፍናል። ካርታውን እንደ ማራገቢያ ስትዘረጋው ደግሞ ያምራል። ከሁሉ በላይ ልጁ በእጁ የሠራው ነገር ነው። በርካሽ ካርታና በአንድ ማርከር ሰው የሚያየው ነገር መሥራት መቻል ቀላል ነገር ነው? ያንኑ ከውጭ በውድ ዋጋ ቢገዛው ኖሮ «እስኪ አሳየን» ትሉት ነበር።

«ካርታ ራሱ ኃጢአት ነው» የምትሉ አላችሁ። አከብራለሁ፤ ሌላ ክርክር ነው። ያንን የሚያምን ግን ድንኳኑ ውስጥ ስድስት ሰዓት ድረስ አብሮ ሲጫወት አምሽቶ፣ ሲበላ ነው እንዴ ኃጢአቱ የሚታየው?

የመጨረሻውና ብዙ የሰማሁት ደግሞ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ነው። ልክ ነው፣ ጠርጥሩ! እኔም እጠረጥራለሁ። ግን መጠርጠር የምርመራ መጀመሪያ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። የጠረጠረ ሰው ካርታውን ይቆጥራል፣ ያገላብጣል፣ ያያል። እናንተ ግን ከመጠርጠር ቀጥታ ወደ «ሌባ» ነው የሄዳችሁት። መሃል ላይ ያለችውን አምስት ደቂቃ ዘለላችኋት። ልጁ «እዩት» ብሎ ሲለምን ያላየ ሰው ጠርጣራ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። በዚያች ሌሊት ድንኳን ውስጥ የነበራችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ስም አልጠራም። ካርታው እኔ ጋ አለ። ልጁ ተስማምቷል። መጥታችሁ በፈለጋችሁት ብርሃን፣ በፈለጋችሁት መነጽር እዩት። አንድ ጀርባው የተለየ ካርታ ካገኛችሁ እዚሁ ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ። ካላገኛችሁ ደግሞ ቃላችሁን ወደ ተናገራችሁበት ቦታ መልሱ፤ አንዳችሁ ብቻ እንኳ ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ ለባለሱቁ «አይተነዋል፣ ምንም የለውም» በሉት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ቢያንስ ግን ያወለሙት ሰው ማንከሱን እያዩ «እኔ ምን አገባኝ» አይባልም።

ለልጆቹ ደግሞ፣ ቀቡ። በስሱ ቀቡ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ሳይደርቅ አትክፈቱ። ጨዋታ ሳይጀመርም ካርታችሁን መሃል አድርጉና «እዩት» በሉ። ማንም ካላያችሁ፣ እንደገና «እዩት» በሉ።

ቸር እንሰንብት።