ድሬ መድረስ ጅግጅጋ መድረስ አይደለም

ባለፈው ክረምት እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ጅግጅጋ ያሉትን አባታችንን ልትጠይቅ ተነሣች። የጅግጅጋው በረራ ሞልቶ ስለነበር እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ቀሪውን በመኪና ለመሄድ ተስማማን። ለአባባ የደወልኩላቸው እኔ ነኝ። «6 ሰዓት ላይ ድሬ ይገባሉ» አልኳቸው። «እንግዲያው ምሳ ከልጆቼ ጋር ነው» አሉ። ደስታቸውን ሰምቼ ዝም አልኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።

ከድሬዳዋው አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጅግጅጋው ገራድ ዊልዋል በቀጥታ መስመር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ቢሆን ግማሽ ሰዓት ግድም ይበቃዋል። መንገዱ ግን እንደ ወፍ አይበርም። ከድሬዳዋ ሙቀት ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ይወጣል፤ በሐሮማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል። ይህ ብቻ 50 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከሐረር ጅግጅጋ ደግሞ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ባቢሌን፣ የዳካታን ድንጋዮች፣ ከዚያም የካራማራን ተራራ አልፎ። ሳይቆሙ ቢነዱ እንኳ ሦስት ሰዓት ግድም ነው።

ልጆች ይዞ ሳይቆሙ መሄድ ደግሞ የት አለ? ሻንጣ እስኪወጣ ጠበቁ። ትንሹ ደንገጎ ላይ አስመለሰው። ኬላ ላይ ፍተሻ ነበር። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ካልተገዛልን ተባለ። ጅግጅጋ ሲገቡ 11 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

አባባ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። የጠዋቱን ኢንሱሊን ተወግተው፣ ቁርስ ቀምሰው፣ ምሳውን «ልጆቹ ሳይመጡ አልበላም» ብለው ቁጭ አሉ። 9 ሰዓት ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ቡና ልትጠራቸው የመጣችው ሶማሌ ጎረቤታቸው ነገሩ ገብቷት ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣቻቸው። ቤቱን እሷ ባታንኳኳ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ለአያት ስትደውሉ አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን ሳይሆን በራቸው የሚንኳኳበትን ሰዓት ንገሩ። በዚያም ላይ አንድ ሰዓት ጨምሩ፤ ቀድሞ የደረሰን እንግዳ የሚቀየም የለም። ቲኬቱ ላይ 14:00 የሚለው በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑንም አስረዱ። መንገድ ላይ ከቆማችሁ ደውሉ። ከድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ዘግይታችሁ የምትደርሱ ከሆነ ሐረር አድሩ እንጂ ካራማራን በጨለማ አትውጡ።

እናንተ አያቶች ደግሞ፣ ናፍቆት ሆድ አይሞላም። መድኃኒት የምትወስዱ በሰዓታችሁ ብሉ፤ እንግዳ ሲመጣ እንደገና መቅመስ ይቻላል። ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ መዋጥ እስከቻላችሁ ድረስ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። በ15 ደቂቃ ካልተሻላችሁ ድገሙት፤ ሰውም ጥሩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።

አባባ አሁን ስደውል የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ድሬ ነው ወይስ ደጃፌ?»