ያጠፋ ይታሰር፤ ድምፁ ግን አይታሰር!



በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በቅንጅት መሪዎች ላይ ዕድሜ ልክ እስራት ሲፈርድ የመምረጥና የመመረጥ መብታቸውንም ነጥቋል። በ1997ቱ ምርጫ ሕዝብ ድምፁን የሰጣቸው ሰዎች ራሳቸው ድምፅ አልባ ተደረጉ። ከቀናት በኋላ በይቅርታ ቢፈቱም፣ ለዳኛ ይህን ሥልጣን የሚሰጠው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 123 ዛሬም አልተሻረም።

«ወንጀለኛ በአገር ጉዳይ ምን አገባው?» ለሚሉ መልሳችን አጭር ነው፤ ቅጣቱ እስራቱ ነው፣ ዜግነቱ አልተፋቀም። እስረኛም ልጆቹ በከተማችን የሚማሩ፣ ነገ ወጥቶ ግብር የሚከፍል ሰው ነው። ተቀናቃኙን አስፈርዶ ከመራጮች መዝገብ የሚያሰርዝ መንግሥት ግን መራጮቹን ራሱ ይመርጣል።

ፓርቲያችን ሥልጣን ሲይዝ የመምረጥ መብትን መንጠቅ ከቅጣት ዝርዝር ይወጣል።

ድምፅዎ መብትዎ እንጂ የገዥዎች ችሮታ አይደለም!