የሙልሙሉን ፎቶ ማን ያንሳው?

ለትምህርት እስያ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በቲክቶክና በቴሌግራም የሚለጥፉት አብዛኛው ነገር ፖለቲካ አይደለም። ቅዳሜ ዕለት ሄደው ያዩት ቤተ መቅደስ፣ በተከራዩት ጠባብ ክፍል የጋገሩት ዳቦ፣ ከሰፈር ገበያ በርካሽ ያገኙት ካፖርት ነው። ከተማው ሴኡል ይሁን ቤጂንግ፣ ቶኪዮ ይሁን ዴልሂ፣ ነገሩ ያው ነው። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየትም ያው ነው፦ «ሀገር እየነደደ አንቺ ኬክ ትጋግሪያለሽ?»

ወቀሳው ከልብ ሐዘን የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያነጣጠረበት ቦታ ግን ልክ አይደለም። ተማሪዋ የሰው ሀገር ሰው እንዴት እንደሚውል፣ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ያለፈውን እንዴት እንደሚጠብቅ በአማርኛ እየመዘገበች ነው። ይህ የቅንጦት ሥራ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያው ዓይን ወደ ወጣችበት ቀዬ ለምን አልዞረም?

እስያን አይቶ በአማርኛ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም መልእክተኞችን መርተው ጃፓን ሄዱ። ከጉዞው በኋላም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የሄዱበት ዋና ጉዳይ የመንግሥት ሥራ ነበር፤ ያዩትን ለሀገራቸው ሰው ማካፈልን ግን ትርፍ ሥራ አላደረጉትም። ያኔ ጃፓንን አይቶ ለሀገሩ ሰው ለመጻፍ የታደለው ሚኒስትር ነበር። ዛሬ የሃያ ዓመት ተማሪ በስልኳ ትሠራዋለች።

ደቡብ ኮሪያ የምትማር ልጅ ደግሞ ቹንቾን ከተማ ብትሄድ የገዛ ሀገሯን ስም ታገኛለች። የቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪያ ተዋግቷል፤ ቹንቾንም ይህን አልረሳችም። በ1960 ዓ.ም ለዘማቾቹ መታሰቢያ ሐውልት ቆመ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ያኔ ከተማዋን ጎብኝተዋል። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ስም የተከፈተው ካፌ ዛሬም ቡና ይቀዳበታል። ቆይቶም የሀገር ቤት ጎጆን የሚያስታውስ ጣሪያ ያለው የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠራ። ይህችው ከተማ በሌላም ነገር ትታወቃለች። «ዊንተር ሶናታ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በ1994 ዓ.ም ከታየ በኋላ፣ ድራማው ወደተቀረጸባት ናሚ ደሴት ከጃፓንና ከሌሎች የእስያ አገሮች ጎብኚ ጎረፈ። ጎብኚው የመጣው ግዙፍ ግንብ ፍለጋ አልነበረም። በዛፎች መሐል የሚያልፍ መንገድ ለማየት ነው። ኮሪያ ለዓለም ያሳየችው የዕለት ኑሮዋን ነው፤ ምግቧን፣ ልብሷን፣ የሰፈር መንገዷን።

ደብረ ታቦር ለማሳየት የሚያንሳት ነገር የለም። ጋፋት ከከተማዋ የጥቂት ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያንን ሰብስበው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት እዚያ ነው። መድፉ ያንን ሁሉ ዳገትና ገደል ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ስለ ጋፋት ሲጻፍ ምስክርነቱ በአብዛኛው የሚቀዳው እንደ ዋልድማየር ያሉ በቦታው የኖሩ አውሮፓውያን ከተዉት ጽሑፍ ነው። ሸክላውን ሲያቦካ፣ ከሰል ሲያከስል፣ ገመዱን ሲጎትት የዋለው ባላገር ምን በልቶ፣ ምን ለብሶ እንደዋለ በራሱ አንደበት ሲናገር አይሰማም። የራሱን ውሎ ያልመዘገበ ሕዝብ ዕጣው ይህ ነው፤ ታሪኩን ሌላው በወደደው መጠን ይነግርለታል።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በተማሪዋ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ኪዮቶ ለመሄድ ስታስብ የባቡሩ ሰዓት፣ ካርታውና የመግቢያው ዋጋ ስልኳ ላይ አለላት። ጋፋትን ለማየት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ ለመውጣት ወይም ወንዛዬ ፍል ውኃ ለመውረድ ግን መንገዱን የሚያውቅ ዘመድ ያስፈልጋታል።

ዳቦውም እንደዚሁ ነው። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው ክርስቶስ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ተራራ ነው። በዓሉ ነሐሴ 13 ሲደርስ ጅራፍ ይጮኻል፣ ችቦ ይበራል፣ ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ እናቶችም ለጨፋሪዎቹ ሙልሙል ይጋግራሉ። ቻይና የምትማር ልጅ በእንፋሎት የሚበስለውን ማንቶ እንደ ብርቅ ታሳያለች። ሀገሯም በእንፋሎት የሚበስል ዳቦ አላት፤ ኅብስት ይባላል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጣቸው ከብዙ የቱሪዝም ማስታወቂያ የበለጠ ሰው ያይላት ነበር።

ሩዝ ደግሞ ከዚህም የቀረበ ጉዳይ ነው። ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወደ ጣና ሲወረድ የሚገኘው የፎገራ ሜዳ ዛሬ ከሀገሪቱ ዋና ዋና የሩዝ አብቃዮች አንዱ ነው። በአርሶ አደሩ ዘንድ የገነነው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኩል የገባ ነው። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ፎገራ ነው። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኗል። እስያ እናቷ ሌማት ላይ ከተቀመጠች ቆይታለች ማለት ነው። ሴኡል ላይ ኪምባፕ ስትጠቀልል የምታሳየው ልጅ፣ ለእረፍት ስትመጣ እናቷ የሩዝና የጤፍ ሊጥ ስታቦካ ብትቀርጽ አንድ ሙሉ የግብርና ታሪክ አሳየች።

በልብሱ በኩል ያለው ጉዳይ ከሁሉም ይብሳል፤ የሰው እንጀራ ነውና። የጥበብ ቀሚስ አስመስሎ በማሽን የታተመ ጨርቅ ከቻይና እየገባ በርካሽ ሲሸጥ የሸማኔው ገበያ ይቀንሳል። ገዢዋ ርካሹን ብትመርጥ አይፈረድባትም። የእጁን ከማሽኑ የሚለይላት፣ ጥለቱ ስንት ቀን እንደፈጀ የሚነግራት የለም። በፎገራ ወረዳ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብ ወንድና ሴት እኩል የሚሸምኑበት መንደር ሆኖ ስለታወቀ ሊጎበኘው የሄደ ሰው ጋቢም ፎጣም ገዝቶ ይመለሳል። ሰው የሚገዛው ጨርቁን ከነታሪኩ ነው። ከገበያ ያገኘችውን ካፖርት ስፌቱን ገልብጣ፣ ዋጋውን ተናግራ፣ ከምን እንደተሠራ የምታብራራ ተማሪ ይህን ሥራ ታውቅበታለች። የደብረ ታቦር ሸማኔ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

«በዚህ ጊዜ?» የሚል መኖሩ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ብዙ ቤት አፍርሷል፤ መንገድ ተዘግቷል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ደብረ ታቦር ያለ ተማሪ ሙልሙሉን ቢያነሳ እንኳ የሚልክበት መስመር ያጣበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የሴኡሏን ልጅ «ለምን ሀገርሽን አታሳዪም?» ብሎ የሚወቅስ ሰው፣ ኔትወርክ ያቋረጠውንና መንገድ የዘጋውን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሰላም በሌለበት ጉብኝትን መስበክ ቀልድ ነው። ነገር ግን ጦርነት የሚወስደው ሕይወትና ቤት ብቻ አይደለም። ጅራፍ የሚገምደውን ልጅ፣ የሙልሙሉን ሊጥ የምታውቀውን እናት፣ ጥለት የሚጥለውን ሽማግሌም ይበትናል። መዝግቦ ማስቀመጥ ሰላም እስኪመጣ የሚቆይ ሥራ ያልሆነው ለዚህ ነው። ኔትወርክ በሌለበትም ስልክ ይቀርጻል፤ የተቀረጸው ደግሞ ቀን ሲያልፍ ይወጣል።

ጅምሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ፣ የቱሪዝምና የጋዜጠኝነት መምህራን ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጋጋሪ፣ አንድ ሸማኔ ወይም አንድ ቦታ ሰጥተው ቀርጾና ጽፎ እንዲያመጣ ማድረግ ይችላሉ። የከተማው አስተዳደር ለጋፋት መንገድ አመልካች፣ ለገበያው ሸማኔዎች ደግሞ የእጅ ሥራቸውን የሚለይ ምልክት ሊያበጅ ይችላል። እስያ ያለችው ተማሪም መጋገሯን ትቀጥል፤ እዚያ የተማረችው አቀራረጽና አተራረክ እዚህ ይፈለጋል። ለሚቀጥለው ቡሄ የደብረ ታቦር ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ ሙልሙሉ ከምን እህል እንደተጋገረ፣ ማን እንዳቦካውና ስንት ሰዓት እንደፈጀ የሚጠይቅ አንድ ተማሪ በየሰፈሩ ይኑር።